የድባጤው አውቶቡስ በአሶሳ ፀሐይ

ውድነሽ ያን ቀን ጠዋት የተነሣችው መነሣት ስላለባት ብቻ ነበር። ወገቧ ሲያማት አድሮ ጠዋትም አልተዋትም። የሳሙና ውሃ የቆረጣጠማቸው ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋታል፤ እስኪፍታቱ ድረስ የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ አቅፋ ተቀመጠች። ልጇ ብሩክታይት ወደ ቢሮ ልትሄድ ጫማዋን እያሰረች ቀና ብላ አየቻት።

"እማዬ፣ ዛሬ እንኳ ቅሪ።"

"ቀርቼስ?"

"ታርፊያለሻ!"

"እኔን የሚያደክመኝ መቀመጡ ነው" አለች ውድነሽ።

ብሩክታይት ይህን መልስ ስለለመደችው አልተከራከረችም። እናትየው ቀሚሷ ላይ የሟች ባሏን የበቃሉን አሮጌ ሸሚዝ ደርባ፣ የፕላስቲክ ቦቲዋን በእጇ አንጠልጥላ ወጣች።

የምትሠራበት ላቫጆ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ነው። የሚያጥቡት ትልልቁን ብቻ ነው፤ አውቶቡስ፣ አይሱዙ፣ አንዳንዴም እብነ በረድ ጭነው የሚወርዱ ባለ ተሳቢዎች። ቀድሞ በቦታው ላይ አንድ አውቶቡስ ሙሉውን የሚያስጠልል ትልቅ ማንጎ ነበረ። መንገዱ ሲሰፋ ተቆረጠ። ማንጎው ከተቆረጠ በኋላ በዚያ ፀሐይ መሥራት ያንገሸገሻቸው ወጣቶች የወርቅ ቁፋሮ ይሻለናል ብለው አንድ በአንድ ሄዱ። ቀድሞ ጨርቅ ከማጠብና ውሃ ከማመላለስ የማያልፉት ሁለት ሴቶች ብቻ ቀሩ፤ ውድነሽና ዐዋጢፍ።

ዐዋጢፍ የአሶሳ ልጅ ናት፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ። ሁለት ጀሪካን በትከሻ እንጨት ግራና ቀኝ አንጠልጥላ፣ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ትሄዳለች። አማርኛን ከገበያ ስለለመደችው ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የምትለው። ውድነሽ መጀመሪያ ሰሞን ታርማት ነበር፤ በኋላ ተወችው። እንዲያውም አሁን አሁን ዐዋጢፍ "አንቺ" ብትላት የተቆጣቻት ይመስላታል።

መኪና ጥላ ሥር ማጠብ ሥራ ነው፤ ፀሐይ ላይ ማጠብ ግን ከውሃ ጋር እሽቅድምድም ነው። ብረቱ ይግላል። ሳሙናው ሳይለቀለቅ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይይዛል። የጉድጓዱ ውሃ ደግሞ ኖራ አለው፤ ጠብታው ብረት ላይ ሲደርቅ ውሃው ይሄድና ኖራው ክብ ነጭ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ነጭ መኪና ላይ ማንም ልብ አይለውም። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን ግን ቋቁቻ እንደ ወረሰው ገላ ከሩቅ ይታያል።

ሁለቱ ሴቶች ይህን የተማሩት እያበላሹ፣ እየተሰደቡ ነው። ቀስ በቀስ ግን ዘዴ አበጁ። አውቶቡስ ራሱ ጥላ አለው፤ ጠዋት በምዕራብ ጎኑ፣ ከሰዓት በኋላ በምሥራቁ። እነሱም ጥላውን እየተከተሉ ያጥባሉ። መጀመሪያ ጣሪያው፤ ያለዚያ ከላይ የሚንጠባጠበው የደረቀውን ጎን መልሶ ያበላሸዋል። ከዚያ ጎኑ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከአንድ መስኮት እስከሚቀጥለው ብቻ። ሳሙና፣ ማለቅለቅ፣ ወዲያው በፎጣ ማድረቅ፤ ያ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው አይኬድም። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ደግሞ ዐዋጢፍ ከወንዝ ያመጣችውን ውሃ ይጠቀማሉ። በርሜል ውስጥ አድሮ የጠለለ የወንዝ ውሃ እንደ ጉድጓዱ አያነጣም።

ውድነሽ ወደዚህ ሥራ የመጣችው በምርጫ አይደለም። ዕድሜዋን የኖረችው ከአባይ ማዶ፣ ድባጤ ነበር። ከገበያው አጠገብ ሱቅ ነበራቸው፤ እሷ ውስጥ ሆና ጨውና ስኳር ስትሸጥ በቃሉ በረንዳው ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። ያ ክፉ ዓመት መጣ። ሰው ከሰው ሸሸ፣ መንደር ከመንደር ተሰደደ። ባልና ሚስቱም ከሌላው ጋር ተከትለው ወጡ፤ በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከብዙ ቤተሰብ ጋር ተደራርበው ተኙ። በቃሉ እዚያ ታመመ፣ እዚያው ሞተ። የቀበሩት ሰዎች አንዳቸውም ስሙን አያውቁም ነበር። አሶሳ ትሠራ የነበረችው ብሩክታይት ደርሳ እናቷን ወደዚህ አመጣቻት።

አሶሳም ውስጥ የድባጤ ሰዎች አሉ። ተሰባስበው ማኅበር አላቸው፤ ይጠያየቃሉ፣ ይረዳዳሉ። ውድነሽ አንድ ቀን እንኳ አልሄደችም። ጠልታቸው አይደለም። አንዱን ባገኘች ቁጥር ወሬው ያው መሆኑን ታውቀዋለች፤ ማን ሞተ፣ ማን ተረፈ፣ የማን ቤት ምን ሆነ፣ በቃሉ እንዴት አረፈ። ይህን ሁሉ እንደገና ለመናገር ጉልበቱ የላትም። ስለዚህ ከሩቅ ስታያቸው መንገድ ትቀይራለች፤ የገበያ ቀኗን ሳይቀር ለወጠች። እነሱም ቆይተው ወደ ዘመዶቿ ወደ ጎጃም ሄዳ ይሆናል ብለው መፈለጉን ተዉት።

ያን ቀን በረፋዱ አንድ ጥቁር ሰማያዊ አውቶቡስ ከመንገዱ ወጥቶ ላቫጆው ውስጥ ቆመ። ሹፌሩ ወሰን ይባላል፤ ጎልማሳ ነው፣ ረጋ ያለ፣ አልፎ አልፎ የሚመጣ ደንበኛቸው። ወርዶ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ የራሱን መኪና ተመለከተ።

"ማዘር፣ ጉድ ሆኛለሁ" አለ። "ትናንት መንገድ ላይ አሳጥቤው ነበር። ፀሐይ ላይ ለቀቁብኝ፤ እዩት ይሄን።"

የአውቶቡሱ አንድ ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ በነጭ ነጠብጣብ ተሞልቷል። ውድነሽ በጥፍሯ ጫር አድርጋ አየችው፤ ደርቋል።

"ማታ ፀሐይ ስትበርድ ይሻላል" አለችው። "አሁን ቀትር ሊሆን ነው፤ ጥላውም እየጠፋ ነው።"

"ማታ እዚህ አልገኝም። ከምሳ በኋላ ሰው ይዤ እወጣለሁ፤ እዚሁ መንገድ ዳር ነው የቀጠርኳቸው። ለተዝካር የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። በዚህ መልኩ ይዤያቸው ልሄድ አፈርኩ።"

ዐዋጢፍ ጀሪካኗን እያወረደች "ወዴት ትሄዳለህ?" ብላ ጠየቀችው።

"ድባጤ። ዛሬ መንዲ እናድራለን፣ ነገ አባይን እንሻገራለን። እዚህ ያሉ የድባጤ ልጆች ተሰባስበው በዚያ ክፉ ጊዜ ለሞቱባቸው ሁሉ በአገራቸው ቤተ ክርስቲያን ተዝካር ሊያወጡ ነው አሉ።"

ውድነሽ ጀርባዋን ሰጥታው ፎጣዎቹን ማጣጠፍ ጀመረች። ቀድሞም የታጠፉ ነበሩ። ታሪኳን ከዐዋጢፍ በቀር እዚያ የሚያውቅ የለም። ዐዋጢፍ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ኡኽቲ" አለቻት፤ እኅቴ ማለቷ ነው። "አንተ ካልፈለግክ ኻላስ፣ በቃ። 'አይሆንም፣ ሂድ' እለዋለሁ እኔ።"

ውድነሽ አውቶቡሱን አየችው። ምን እንደ ተሰማት ኋላ ብሩክታይት ስትጠይቃት በቅጡ መናገር አልቻለችም። ደክሟት ነበር፣ ይኼን ብቻ ነው የምታስታውሰው። እምቢ ለማለትም ጉልበት ይጠይቃል።

"ውሃው ይቀዳ" አለች።

መጀመሪያ ሳሙና ሳይነካው ሙሉውን በውሃ አቀዘቀዙት። ውሃው ብረቱ ላይ ሲያርፍ ይጨስ ነበር። ውድነሽ የእጇን ጀርባ እያስጠጋች ሙቀቱን ለካች፤ እጅ የማያስቀምጥ ብረት ሳሙና አያስቀምጥም። ከዚያ በቀርከሃው መሰላል ወጥታ ጣሪያውን ጨረሰች። ጣሪያው ላይ ስትንበረከክ ጉልበቷን በረጠበ ጆንያ ላይ አደረገች፤ እንዲያም ሆኖ ለበለባት። ከላይ ሆና ወደ ባምባሲ የሚወርደውን መንገድ አየች፤ ሙቀቱ አስፋልቱ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነጠብጣቡ የተለየ ሥራ ጠየቀ። ዐዋጢፍ አቼቶ በውሃ በጥብጣ በባልዲ አመጣች። ጨርቅ ነክረው ነጠብጣቡ ላይ ትንሽ ያቆዩታል፤ ኖራው ሲለሰልስ ሳይፈትጉ ይጠርጉታል፤ አቼቶውም እንዳይደርቅ ወዲያው በወንዝ ውሃ ያለቀልቁታል፤ ከዚያ ፎጣ። አንድ መስኮት። መሰላሉን ማንሣት፣ ማስጠጋት። ሌላ መስኮት።

እስከዚያ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ግን አውቶቡሱ ጥላውን ዋጠው። በየትኛውም ጎን መሸሸጊያ አልነበረም። ውድነሽ ላይኛውን ስትጠርግ ታችኛው ይደርቃል፣ ዐዋጢፍ ታችኛውን ስትይዝ ጎኑ ይደርቃል። አንዱን ክፍል እንደገና አጠቡት፤ እንደገና ደረቀ። ዐዋጢፍ በበርታ ቋንቋ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ምርቃት እንዳልነበረ ከአነጋገሯ ያስታውቃል።

"እጅ አነሰን" አለች ውድነሽ።

ወሰን ይህን ሰምቶ ሸሚዙን ሰበሰበና ፎጣ አነሣ። ሹፌር መኪናውን በዚህ ሰዓት ሲያብስ ማየት ያልተለመደ ነው፤ ፎጣውንም አጨማዶ እንጂ ዘርግቶ አልያዘውም። ውድነሽ ከመሰላሉ ላይ ሆና "ዘርጋው! ዘርግተህ ወደ ታች ሳበው፣ አትሽው!" ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ወደ ዐዋጢፍ ዞራ "ሳሙናው ሳይደርቅ! ከታች ያዥልኝ!" አለች።

በዚያ ጊዜ ተጓዦቹ መምጣት ጀምረው ነበር። ነጠላቸውን ያጣፉ ሴቶች፣ ከዘራ የያዙ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የስንቅ ዘንቢል የተሸከሙ ጎልማሶች። ከሴቶቹ አንዷ ምንውየለት ትባላለች። ድባጤ ሳሉ ከውድነሽ ጋር በአንድ አጥር የሚጎራበቱ ነበሩ፤ እሳትና በርበሬ የሚበዳደሩ። ምንውየለት ያን ጩኸት ስትሰማ ዘንቢሏን መሬት ላይ አኖረች። ድምፅ አያረጅም። መሰላሉ ሥር መጥታ ቀና አለች፤ ያየችው ግን የወንድ ሸሚዝ፣ ቦቲና ፊት የሚሸፍን የሣር ባርኔጣ ነበር።

"አንቺ!" አለች። "ውድነሽ አይደለሽ?"

ውድነሽ ወደ ታች አየች። መደበቅ እንደማትችል ገባት። እጇ ግን አልቆመም።

"ነኝ" አለች።

"በስመ አብ! ውረጂ እንጂ! ውረጂ ልሳምሽ!"

"አሁን አልወርድም ምንውየለት። ከወረድኩ ይደርቅብኛል።"

ምንውየለት አፏን ከፍታ ቆመች። ልትጮህ ነበር፣ ልታለቅስም ነበር። ከዚያ እንደ ቀድሞ ጎረቤትነታቸው፣ አንዷ ሊጥ እያቦካች ሌላዋ ስትገባ እንደሚያደርጉት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና እጇን ዘረጋች።

"ጨርቅ ስጡኝ።"

ዐዋጢፍ ፎጣ አቀበለቻት። "እንዲህ፣ እናቴ። ወደ ታች። ሲረጥብ፣ ሌላ ያዝ።"

ሌሎቹም ቀረቡ። ማን እንዳዘዛቸው አይታወቅም፤ ምናልባት ቆሞ ማየቱ አሳፍሯቸው ይሆናል። ፎጣ ሲያልቅ አንዱ ጎልማሳ ፎጣ የመሰለ አንገት ልብሱን አወጣ። በየመስኮቱ ሥር ሁለት ሁለት ሰው ቆመ። ውድነሽ ከላይ ታለቀልቃለች፣ ውሃው ወደ ታች ሲወርድ እጅ ይቀበለዋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳይቀሩ የፊት መብራቱን እያበሱ "ይሄ ምኑ ነው እንዲህ የሚያቃጥል!" ይሉ ነበር። ውድነሽ ከላይ ሆና ብዙዎቹን አወቀቻቸው። ይቺ የዳቦ ቤቱ ሚስት ናት። ያ የአናጢው ልጅ ነው፤ ጺም አብቅሏል። ስም አልጠራችም፤ መሰላሉን ብቻ ከመስኮት ወደ መስኮት አዛወረች።

ሲጨርሱ አውቶቡሱ ላይ አንዲት ነጥብ አልነበረችም። የቆመው ሰው ሁሉ ሰማያዊው ብረት ላይ ይታይ ነበር፤ ላብ ያጠመቀው፣ ዐቧራ የነካው።

ውድነሽ ወረደች። ምንውየለት አቀፈቻት፤ ተያይዘው ቆዩ። ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ስለነበር በምሥራቁ በኩል ቀጭን ጥላ ወጥቷል፤ እዚያ የጎማ ላስቲክ ላይ ተቀመጡ።

"ጎጃም ናት ተብለን" አለች ምንውየለት። "እኔ ደግሞ ሞታለች ብዬ ነበር፤ አልዋሽሽም። እዚሁ ኖረሽ? እዚሁ አሶሳ?"

"እዚሁ።"

"ምን አድርገንሽ ነው ውድነሽ?"

"ምንም አላደረጋችሁኝ። ደከመኝ። ባየኋችሁ ቁጥር ያ ሁሉ ሊመጣብኝ ነው፤ አልቻልኩም።"

 ምንውየለትም በዚያ ዓመት ያጣችው ወንድም ነበራት፤ የምትባለውን ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ወሰን ሞተሩን አስነሣ፤ ሰዎቹ መሳፈር ጀመሩ።

"ነይ እንሂድ" አለች ምንውየለት። "ቦታ አለ። እንደቆምሽ ነይ፤ ልብስ እኔ እሰጥሻለሁ።"

ውድነሽ የአውቶቡሱን በር አየችው። ሁለት ደረጃ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት መሰላል ስትወጣና ስትወርድ የዋለች ሴት ናት፤ እነዚያን ሁለት ደረጃዎች ግን መውጣት አልቻለችም። ራሷን ነቀነቀች።

ምንውየለት አልወተወተቻትም። ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ "የበቃሉን የክርስትና ስሙን ንገሪኝ፤ አብሮ ይጠራ" አለቻት።

"ኃይለ ገብርኤል" አለች ውድነሽ። ከተቀበረ ወዲህ ስሙን ድምፅ አውጥታ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር። በደንብ እንዲሰማ ደገመችው። "ኃይለ ገብርኤል በያቸው።"

አውቶቡሱ ሄደ። ዐዋጢፍ ባልዲዎቹን እየደፋች "ለምን አልሄድክም?" አለቻት፤ ውድነሽ "እንጃ" አለች፤ ዐዋጢፍም አልደገመችም። የተረፈውን የወንዝ ውሃ በጣሳ ቀድታ አናቷ ላይ አፈሰሰችላት።

ማታ ፀሐዩ አሳመማት። ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ ማስመለስ። ብሩክታይት ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ ውሃ እንድትጠጣና እንድትተኛ ነገሯት። ያን ሰሞን ሥራ አልሄደችም። ግድግዳው ሥር ተኝታ የምትፈራው ሁሉ መጣባት፤ ትምህርት ቤቱ፣ የተደራረበው ሰው፣ በቃሉ መጨረሻ ላይ ውሃ ሲለምን። ግን እንደ ፈራችው አልገደላትም። አለቀሰች፣ ተኛች፣ ስትነቃ ብሩክታይት አጠገቧ አለች። እናትና ልጅ ስለ በቃሉ አሟሟት በደንብ የተነጋገሩት ያን ጊዜ ነው፤ ብሩክታይት እስከዚያ ጠይቃ አታውቅም፣ ውድነሽም ነግራት አታውቅም።

በሳምንቱ ምንውየለት ተመልሳ፣ ቤቱን ጠይቃ አግኝታ መጣች። ከድባጤ ማር ይዛለች። ተዝካሩ በደንብ መውጣቱን፣ ስሙ መጠራቱን ነገረቻት። ከዚያ ወሬዋን እያጓተተች፣ ኩባያዋን እያዞረች ቆየች።

"ምንድን ነው? ተናገሪው" አለች ውድነሽ።

"ቤትሽን አየሁት። ቆሟል።"

"ተቃጠለ አይደል እንዴ ያሉኝ?"

"ሱቁ ነው የተቃጠለው። ከኋላ ያለው ቤት አለ።" ምንውየለት ኩባያዋን አስቀመጠች። "ሰው ገብቶበታል። ሀዊ የምትባል ሴት ናት። እሷም ከቆላው በኩል ተፈናቅላ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጆች አሏት። ባዶ ሲያዩት ነው የገቡት። ባለቤቷ አለች ብዬ ስነግራት ደነገጠች። ዕቃዋን መጠቅለል ጀመረች። 'ይውጡ ካሉኝ እወጣለሁ፤ ብቻ እስከ ክረምቱ ማብቂያ ይታገሡኝ በያቸው' አለችኝ።"

ውድነሽ ቀና ብላ ተቀመጠች። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተናደደችው ያን ጊዜ ነው።

"ማን ፈቀደላት? እኔና በቃሉ ጭቃውን በእጃችን አቡክተን የሠራነው ቤት ነው! ድንጋዩን በጀርባዬ አመላልሼ! እኔ እዚህ በሰው ቤት ኪራይ ስሰቃይ፣ ሌላ ሰው ጓዳዬ ገብቶ..." ድምፅዋ ተሰበረ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ምንውየለት ማሩን ጠረጴዛው ላይ ትታ ቀስ ብላ ወጣች።

ብሩክታይት ማታውን "እማዬ፣ መብታችን ነው፤ ማስወጣት እንችላለን" አለቻት።  ውድነሽ ሲሻላት ወደ ሥራ ተመለሰች። አንድ ባለ ተሳቢ መኪና ሲያጥቡ፣ የእብነ በረዱን ብናኝ ከስፖንዳው፣ ከመጫኛው ግድግዳ፣ እያለቀለቁ፣ ለዐዋጢፍ ነገሩን አጫወተቻት። ዐዋጢፍ ምክር አልሰጠችም። "ልጆቹ ስንት ናቸው?" ብቻ አለች። ውድነሽ አላወቀችም። አለመጠየቋ ቀኑን ሙሉ ሲከነክናት ዋለ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ምንውየለት ቤት ጎራ አለች። ከዚያ በፊት ደጃፏን ረግጣው አታውቅም። ቁጭ በይ ሳይሏት ቁጭ አለች።

"ያቺን ሴት ደውይልኝ።"

ምንውየለት ከሀዊ የተቀበለችውን ቁጥር ደወለችና ስልኩን ሰጠቻት። በወዲያኛው ጫፍ የልጆች ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ አንዲት ሴት በፍርሃት "አቤት" አለች።

"እኔ የቤቱ ባለቤት ነኝ። ውድነሽ።"

 የልጆቹ ድምፅ ድንገት ጠፋ፤ እናትየው በእጇ ምልክት ሳትሰጣቸው አልቀረችም።

"እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች ሀዊ። "ክፋት አስቤ አይደለም። ልጆቼ ዝናብ ላይ ነበሩ።"

"ስንት ናቸው?"

"አራት ናቸው እማማ። ትንሿ ገና መራመዷ ነው።"

ውድነሽ ዓይኖቿን ጨፈነች። የቤቱን ወለል፣ ከምድጃው እስከ በሩ ያለውን ርቀት፣ አንዲት መራመድ የጀመረች ሕፃን የምትወድቅበትንና የምትነሣበትን ቦታ ታውቀዋለች። ብሩክታይትም እዚያው ላይ ነው የወደቀችው።

"አትውጪ" አለች። "ክረምትም በጋም ተቀመጪ። እኔ ለጊዜው አልመጣም።"

ሀዊ አለቀሰች። ውድነሽ ልቅሶዋን መስማት አልፈለገችም፤ ድካሙ እንደገና ከትከሻዋ ወደ እጆቿ ሲወርድ ተሰማት፤ ግን ስልኩን አልዘጋችም። ሀዊ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ ሌላ የምትለው እንዳጣች ሰው፣ "የጓዳው በር አልዘጋ ብሎን ነው፤ በድንጋይ ነው የምናስደግፈው" አለች።

"ወደ ላይ ከፍ ሳታደርጊው አይዘጋም" አለች ውድነሽ። "ማጠፊያው ከመጀመሪያውም ጠማማ ነው፤ በቃሉ ነው የመታው፣ አናጢ አልነበረም። እጀታውን ይዘሽ ትንሽ ከፍ አድርጊና ግፊው።"

"አሁን?"

"አሁን እንጂ። ሞክሪው።"

በስልኩ ውስጥ እርምጃ ተሰማ፣ ከዚያ የእንጨት መፋተግ፣ ከዚያ ግጥም የማለት ድምፅ።

"ገጠመ!" አለች ሀዊ፤ ልጆቹ ከኋላ ሳቁ።

"እንግዲህ ሲዘጉት አያጋጩት" አለች ውድነሽ። "ለልጆቹ ንገሪያቸው። ትልቁ ማን ይባላል?"